ውስጡን አይተኸዋል?

ስለ ሽጉጥ የማውቀውን ሁሉ ያወቅኩት ሳልፈልግ ነው። አባቴ ቡታጅራ ውስጥ በርበሬ ይነግድ ነበር፤ ገንዘብ ይዞ ገጠር ለገጠር የሚዞር ሰው ስለነበረ ፈቃድ አውጥቶ የሩስያ ሽጉጥ ታጠቀ። ንግዱን ሲተው ግን ሽጉጡን አልተወም። ከሰዓት በኋላ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ካለችው ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ይሰየማል፤ አብረውት ሁለት ጓደኞቹ አሉ፣ ሁለቱም ባለ ሽጉጥ። አንደኛው ጡረታ የወጡ ፖሊስ ናቸው፤ ማዕረጋቸው ስማቸው ሆኖ ቀርቶ አምሳ አለቃ ነው የሚባሉት። ሁለተኛው ከመስቃን ገጠር የሚመጡ የበርበሬ ገበሬ ናቸው፤ መካ ደርሰው ስለተመለሱ ሀጂ እንላቸዋለን። ለአባቴ መጀመሪያ ደንበኛ ነበሩ፣ ኋላ ወንድም ሆኑ።

እኔ የምሠራው ወልቂጤ ነው፣ ቢሮ። ቅዳሜ በሚኒባስ ቡታጅራ እገባና ሻይ ይዤ ከአባቴ ጎን እቀመጣለሁ። ሌላው ሰው ከአባቱ ጋር ስለ ምን እንደሚያወራ አላውቅም፤ እኛ የምናወራው ስለ ሽጉጥ ነው። በትክክል ለመናገር እነሱ ያወራሉ፣ እኔ እሰማለሁ።

የክርክሩ ዳኛ አምሳ አለቃ ናቸው፤ መንግሥት ራሱ አስተምሮኛል ባይ ስለሆኑ። ሽጉጥ የሴት እጅ ከነካው ይከሽፋል ይላሉ። ይህን የሚሉት ዓይናቸውን እኔ ላይ ጣል አድርገው ነው። ካዝና ውስጥ የከረመ ጥይት ይተኛል ብለው ስለሚያምኑ ደግሞ አልፎ አልፎ ጥይታቸውን በሰፌድ ዘርግተው ፀሐይ ያሞቁታል፤ የሚስታቸው በርበሬም እዚያው ከጎኑ ተሰጥቶ ይደርቃል። ትልቅ ጥይት የተመታውን ሰው ከመሬት አንስቶ ይወረውራል የሚለውን ግን ያመጡት ከፊልም ነው። በፖሊስነት ዘመናቸው ሰው ሲወረወር አይተው እንደሆነ ስጠይቃቸው ኮስተር ብለው ሌላ ሻይ አዘዙ።

ሀጂ የሚወዱት ትንሽዬ ሽጉጥ ነው፣ ኮት ኪስ ገብታ የማትታወቅ። የሚታይ ሽጉጥ ጠብ ይጠራል ይላሉ። አምሳ አለቃ ደግሞ ካልታየ ለምን ተያዘ ባይ ናቸው፤ ጃኬታቸው ሁልጊዜ በዚያ በኩል ገለጥ ያለ ነው። አባቴ ከሁለቱ መሃል ነው። በግራ ጎኑ ከሹራቡ ሥር ይታጠቃል። የሽጉጥ ዘይት አያምንም፣ የሚቀባው የልብስ ስፌት ማሽን ዘይት ነው። ልጅ ሆኜ ሲያቅፈኝ ልብስ ሰፊ ቤት ልብስ ሰፊ ቤት ይሸተኝ ነበር።

አምሳ አለቃና ሀጂ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ካዝናው፣ ያ ጥይት የሚደረደርበት ማለት ነው፣ ከወጣ ሽጉጥ ተራ ብረት ነው። አባቴ ብቻ አይስማማም። "ውስጧ አንድ የቀረች ካለችስ?" ይላል። ካዝናውን ያወጣል፤ ከዚያ የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስቦ፣ ጎንበስ ብሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ውስጡን ያያል። ሁለቱ ይስቁበታል። አምሳ አለቃማ "የጥርስ ሐኪም" የሚል ስም አውጥተውለታል።

ይህ ልማዱ ዋናው ቀኑ አርብና እሁድ ነበር። ሀጂ አርብ መስጊድ ሲሄዱ ሽጉጣቸውን ለአባቴ ይሰጣሉ፤ አባቴ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ለሀጂ ይሰጣል። ፈጣሪ ፊት ብረት ታጥቆ መቆም ነውር ነው፣ በዚህ ሁለቱም አንድ ናቸው። ርክክቡ የራሱ ሥርዓት አለው። እሁድ አባቴ ካዝናውን አውጥቶ፣ ውስጡን አይቶ፣ እጀታውን አስቀድሞ ያቀብላል። ሀጂ ይቀበሉና "ውስጡን አይተኸዋል?" ብለው ይጠይቃሉ። አባቴ "አይቻለሁ" ይላል። ያኔ ሀጂ አፈሙዙን ወደ መሬት አድርገው ምላጩን አንዴ ይስባሉ። ቀጭ ይላል። ባዶ መሆኑን ለበረንዳው ሰው ሁሉ ማሳወቂያ ነው። አርብ ላይ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ጠያቂው አባቴ፣ አይቻለሁ ባዩ ሀጂ ይሆናሉ። ሀጂ ውስጡን የሚያዩት ለአባቴ ሲሉ ብቻ ነበር። ማየቱ የሰጪው፣ መሳቡ የተቀባዩ ሥራ ነው፤ አንዱ የሌላውን አይሠራም።

ከዚያ አባቴ መርሳት ጀመረ። መጀመሪያ የጠፋው ስም አልነበረም፤ የነገር ተራ ነው የጠፋበት። ጫማውን አድርጎ ካልሲ ይፈልጋል። ሻዩን ጠጥቶ ሲጨርስ ባዶው ብርጭቆ ላይ ስኳር ይጨምራል። ሐኪሙ እየባሰ የሚሄድ በሽታ ነው አለን። አባቴ አጠገባችን ተቀምጦ ስለ ሌላ ሰው እንደሚወራ ሁሉ "አይ፣ ያሳዝናል" አለ። እኔ ምንም አልተሰማኝም። ወልቂጤ ተመልሼ ሥራ ገባሁ፣ ምሳ በላሁ፣ ሰዎች የተናገሩት ቀልድ ላይ ሳቅኩ።

አብራው የምትኖረው አክስቴ አንድ ቀን ደወለችልኝ። የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውን ሰው አባቴ ሌባ ነው ብሎ ሽጉጥ መዝዞበታል።

"ቃል አልተናገረውም" አለችኝ። "ዝም ብሎ ደገነበት። ሰውየው ደግሞ ነገም ይመጣል፣ ሥራው ነው። ወይ ሽጉጡ ይውጣ ወይ እኔ ልውጣ።"

ነገሩ ይኸው ነበር፤ አባቴ ሰው ሳይገድል ሽጉጡ ከወገቡ መውረድ ነበረበት። ቀምቶ መውሰድ ግን የሚታሰብ አይደለም። ሱሪውን ከሰው ፊት እንደማስወለቅ ነው የሚቆጥረው። ሰርቆ መደበቅም አያዋጣም፤ በየሰዓቱ በእጁ ይዳብሰዋል፣ ካጣው ሰፈሩን ያሸብራል። በሚኒባስ ጉብሬን፣ ከዚያ አታትን ሳልፍ የምናገረውን ለማዘጋጀት ሞከርኩ። አንድም ቃል አልመጣልኝም። ደንዝዣለሁ። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ ዶሮ ታቅፋ ነበር፤ መንገዱን ሁሉ ዶሮዋን ሳይ ደረስኩ።

የነገርኩት ለሀጂ ነው።

"እሁድ እንደ ልማዳችን ይሰጠኛል" አሉኝ። "እኔ አልመልስለትም። በቃ። አምሳ አለቃ ወስደው ለሚመለከተው ያስረክቡታል።"

"ቢጠይቅዎትስ?"

"እኔ ጋ ነው እለዋለሁ። ልጄ፣ እኔ ጋ ከሆነ ወላሂ አይጨነቅም።"

እውነታቸውን ነበር። አባቴ ሳይዋረድ ትጥቁን የሚፈታበት ሌላ መንገድ አልነበረም።

እሁድ ጠዋት በረንዳው ላይ ቀድሜ ተገኘሁ። አባቴ ነጭ ጋቢውን ለብሶ መጣ። ሽጉጡን አወጣ። የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስቦ አየት አደረገና ለቀቀው፤ ከዚያ ካዝናውን አወጣ። እጀታውን አስቀድሞ ለሀጂ አቀበለ።

"ውስጡን አይተኸዋል?"

"አይቻለሁ።"

የአባቴ ጣቶች ከብረቱ ላይ ሲነሱ አየሁ። ተገላገልን ብዬ ተነፈስኩ። ሀጂ አፈሙዙን ወደ መሬት አድርገው ምላጩን ሳቡ።

ቀጭ አላለም። ጥይቱ የበረንዳውን ሲሚንቶ መትቶ ነጠረና አባቴ ቅልጥም ውስጥ ገባ። አልተወረወረም። ደክሞት እንደመጣ ሰው ቀስ ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና እግሩን ተመለከተ። ጆሮዬ ጭው ብሏል። ሀጂ አፋቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ድምፅ ግን የለም። እኔ ያስተዋልኩት የሻይ ብርጭቆዬ አለመደፋቱን ነው። አንስቼ ጠጣሁት መሰለኝ፤ ባጃጅ መጥቶ አባቴን ስንጭነው ባዶውን ብርጭቆ ይዤ ነበርና።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አምሳ አለቃ አስረዱኝ። "ተራውን ነው ያገላበጠው። ካዝናው ሳይወጣ ከሳብሽው ስትለቂው ጥይት ይጎርሳል። ከዚያ ወዲያ ካዝናውን ብታወጪው ምን ዋጋ አለው?" እኔ ስለ ካልሲውና ስለ ጫማው አሰብኩ። ትንሽ ቆዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "አንቺ ነክተሽው ነበር እንዴ?" ብለው ጠየቁኝ። አልነካሁም አልኳቸው። መናደድ ነበረብኝ፤ ለመናደድ የሚሆን ጉልበት አላገኘሁም።

ፖሊስ ሽጉጡን ወሰደ። ሀጂም ተጠየቁ፤ በረንዳው ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ያየውን ስለመሰከረላቸው ለቀቋቸው። እንግዲህ የፈለግነው ሆነ፣ ሽጉጡ ከአባቴ ወገብ ወረደ። አክስቴ ይህን ስላት አንዴ አይታኝ ወደ ጓዳ ገባች።

አባቴ እግሩ ሲሻለው በከዘራ እያነከሰ በረንዳው ላይ ተመለሰ። ሀጂ ግን አልተመለሱም። ለአባቴ በርበሬ በጋሪ ይልኩለታል፣ እሳቸው አይመጡም። አባቴ ከዚያ እሁድ አንዲት ነገር አያስታውስም። እግሬን ምን ሆኜ ነው ሲለን ወድቀህ ነው እንለዋለን። ግራ ጎኑን ይዳብስና "ሽጉጤስ?" ይላል።

"ሀጂ ጋ ነው፣ አባዬ።"

"እሱ ጋ ከሆነ ጥሩ" ይልና ይረጋጋል። ከዚያ ደግሞ ይጠይቃል።

የከበደኝ አርብ ነው። አክስቴ እንደምትለው አርብ አርብ አባቴ መንገዱን እያየ ይቁነጠነጣል። "ሀጂ ምን ነካው? ሽጉጡን ይዞ መስጊድ ሊገባ ነው እንዴ?"

ከሥራ ፈቃድ ወስጄ መስቃን ድረስ ሄድኩ፤ ከባጃጁ ወርጄ የቀረውን በእግሬ። ሀጂ ጓሯቸው እንሰቱ ሥር ተቀምጠው ነበር፣ ከስተዋል። እንዳዩኝ "እኔ ነኝ የመታሁት" አሉ፣ ሰላምታ ሳያስቀድሙ።

"እሱ አያውቅም" አልኳቸው።

"እኔ አውቃለሁ።"

ስለ አርቡ ብቻ ነገርኳቸው፤ ሽጉጡን ይዞ መስጊድ ሊገባ ነው እንዴ ብሎ እንደሚጨነቅላቸው። ፊታቸውን አዙረው እንሰቱን ሲያዩ ቆዩ።

በማግስቱ አርብ ነበርና እኔም ቡታጅራ አባቴ ጋ አድሬ ነበር። ሀጂ መጡ። ከበረንዳው ደረጃ ሥር ቆመው "አሰላሙ አለይኩም" አሉ፣ እግራቸው ግን አልወጣም።

"ወአለይኩም ሰላም" አለ አባቴ። "የት ጠፍተህ ነው?" ከጎኑ ያለውን ወንበር በከዘራው ሳበላቸው።

ተቀመጡ። ዓይናቸው የሚያርፈው አባቴ እግር ላይ ነው። አባቴ ጎኑን ዳበሰ።

"ሽጉጤ አንተ ጋ ነው አይደል?"

"እኔ ጋ ነው።"

አባቴ ወደሳቸው ጎንበስ አለ፤ እንደ ድሮው አንድ ዓይኑን ጨፈን አደረገ። "ውስጡን አይተኸዋል?"

"አይቻለሁ" አሉ ሀጂ።

"ሳበው እንግዲያ" አለ አባቴ፤ የቱ የማን ሥራ እንደነበረ ተደባልቆበታል። የሚጠብቀው ድምፅ ነበርና ጆሮውን ሰጠ።

ሀጂ ባዶ እጃቸውን ወደ መሬት ዝቅ አደረጉ። ጣታቸውን አጠፍ አድርገው በምላሳቸው ቀጭ አሉ።

አባቴ ረክቶ ራሱን ነቀነቀና ሻዩን አነሳ። እኔ ከዚያ እሁድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ፤ አባቴ አየኝና ማን ነው ልጄን ያስለቀሳት ብሎ ሀጂን ጠየቀ።