የእትዬ ሀዋ መርዶ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ባልደረባዬ ስልኩን ይዞ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ። መንገድ ላይ የተገለበጠ መኪና ፎቶ አንስቶ በገጻችን ሊለቀው ነው። «ቤተሰብ ሰምቷል?» አልኩት። «የማንም ስም የለበትም እኮ፣ ፎቶ ብቻ ነው» አለኝ። ይህችን መልስ አውቃታለሁ። በሃያ አራት ዓመቴ ለራሴ የሰጠኋት መልስ ናት።

ያኔ ሸዋ ሮቢት ሆኜ ለአንድ ሬዲዮ ጣቢያ ዜና እልክ ነበር። ከላክሁት ግማሹ አይተላለፍም፤ የተላለፈውም በሦስተኛው ቀን ነው። ብልጭ አለብኝና ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ብሎግ ከፈትሁ፤ ኋላም ባለ ካሜራ ስልክ ገዝቼ ወደ ፌስቡክ ዞርኩ። ዐረብ አገር ያሉ የይፋት ልጆች ገጼን አወቁት። ዝናቡ ጣለ ወይ፣ ማሾ ስንት ገባ፣ እያሉ ይጠይቁኛል። ደስ ይለኝ ነበር፤ ልቤም ማበጡ አልቀረም።

እትዬ ሀዋን ያወቅሁትም በዚሁ ሥራ ነው። ቀወት ውስጥ ማሽላ የሚያሳርሱ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ነበሩ። ስለ ግሪሳ ወፍ ዘገባ ልሠራ ብሄድ የማሽላ እሸት ጠብሰው አበሉኝ። እኔ ትኩሱን በመዳፌ እያሸሁ እፍ እላለሁ፤ እሳቸው ስለ ልጃቸው ስለ ከድር ያወሩኛል። ከድር የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ከመኪናው ኋላ በቀይ ቀለም «የሀዋ ልጅ» ብሎ አጽፏል። «ከኋላው ያለ ሰው ሁሉ ስሜን እያነበበ ነው የሚከተለው» ብለው ሳቁ። እሳቸው ማንበብ አይችሉም ነበር።

በዓመቱ ጥቅምት ላይ፣ አንድ ቀን ረፋዱን፣ ያ መኪና ሽንኩርት እንደጫነ ከከተማው ወጣ ብሎ ተገለበጠ። በባጃጅ በርሬ ደረስኩ። ከድር ሞቷል። ሽንኩርቱ አስፋልቱን ሞልቶት፣ ፀሐይ እየመታው ይሸታል። የእትዬ ሀዋ ወንድም ጋሼ አሊ ቀድመውኝ ደርሰው ነበር፤ ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

«አደራህን ልጄ፣ ስሙን እንዳታወጣው። ትልቋ ልጇ ከማጀቴ ከተማ እስክትደርስ ነው። የአሱር ሶላት ሳይደርስ ሰው ይዘን ሄደን እናረዳታለን። ብቻዋን ከሰማች ትሞትብናለች።»

«አልጽፍም ጋሼ፣ እናቴ ትሙት» አልኳቸው።

መርዶ እኛ አገር እንደ ዜና አይነገርም። ደጋፊ ሰው ግራና ቀኝ ይቆማል፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ከዚያ ነው ቃሉ የሚወጣው። ይህ ጠፍቶኝ አልነበረም። ስም አልጻፍሁም፤ አስከሬንም አላነሳሁም። ከኋላ በኩል የተነሳ መኪና ብቻ፣ ከሥሩም «አሳዛኝ አደጋ» የሚል መስመር። ሌላ ሰው እንዳይቀድመኝ ስጣደፍ ቀዩን ጽሕፈት ልብ አላልኩትም።

ጅዳ ያለችው የከድር ታናሽ እኅት ፎቶውን አየችው። ወዲያው ለእናቷ ደወለች።

እትዬ ሀዋ በዚያ ሰዓት ማሳቸው መሃል፣ ማማ ላይ ቆመው ወፍ ይጠብቁ ነበር፤ ብቻቸውን። በማሽላ ወቅት ቆላው ሁሉ ጩኸት ነው፤ ሰው ሁሉ በየማማው ላይ ሆኖ ወንጭፉን ያጮኻል፣ ግሪሳውን ይጮኽበታል። እትዬ ሀዋ ስልኩን ሰምተው ጮኹ። ጎረቤቶቻቸው ወፍ የሚያባርሩ መሰላቸው። ከማዶ ያለው ሰውዬ እንዲያውም እሱም ጮኾ ወፉን ወዲያ መለሰው። ጋሼ አሊ ሰው ይዘው ሲደርሱ እኅታቸውን ያገኟቸው ከማማው ሥር ተቀምጠው፣ ድምፃቸው ተዘግቶ፣ ወፉ ማሽላውን ወርሮት ነው።

ፎቶውን አጠፋሁት። ለቅሶ ቤት ጋሼ አሊ በሰው ፊት «ይህ ልጅ ቃሉን ጠብቋል» አሉ። ልጅቱ ፎቶውን የማን ገጽ ላይ እንዳየችው የጠየቀ አልነበረም፤ ሰው ሁሉ ተቀባብሎት ነበርና። እትዬ ሀዋ በዚያ በተዘጋ ድምፃቸው መረቁኝ። «አሚን» አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቃል ያፈርኩበት የለም።

ወጣቱን ባልደረባዬን «ቆይ፣ አትልቀቀው» አልኩት። ሌሎች ገጾች አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ለቀቁትና ተቀየመኝ። ቅዳሜ ግን አውቶቡስ ይዤ ወደ ቆላ ወረድኩ። ጋሼ አሊ ዛሬ በሕይወት የሉም። እትዬ ሀዋ አርጅተዋል። ትልቋን ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀምጬ፣ እጃቸውን ይዤ፣ ፎቶውን የለቀቅሁት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው።

እጃቸውን ከእጄ አወጡ። 

«አንተ ነህ ያነሳኸው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«ልጄ ይታያል? ወድቆ ይታያል?»

«አይታይም፤ መኪናው ብቻ ነው። በእርስዎ ልጅ ላይ ካሜራ አላነሳሁም።»

«ያቺ የጅዳዋም መኪናው ብቻ ነው ብላኝ ነበር። ልታጽናናኝ መስሎኝ አላመንኳትም» አሉ። «ይህን ሁሉ ዘመን፣ ልጄን አስፋልት ላይ ተዘርግቶ ሰው ሁሉ ያየው እየመሰለኝ ስቃጠል ኖርኩ።»

 ዜና ለማድረስ ከሰው ሁሉ ጋር ስሽቀዳደም የኖርኩ ሰው፣ ለእሳቸው የምታሳርፈውን አንዲቱን ዜና ይህን ያህል ዓመት አዘገየሁባቸው።