እጅ መታጠቢያ የሆነው ራዲዮግራም

በልጅነታችሁ ልትነኩት የምትሳሱለት ዕቃ፣ ካደጋችሁ በኋላ ሰው አክ ብሎ ሲተፋበት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔን ባለፈው ሐሙስ ገጠመኝ፤ ይህን የምጽፈውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ አልወርድ ስላለኝ ነው።

የማስተምርበት ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ኢብሳ ልጅ ስለተወለደለት እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ አዲስ የተከፈተ ምግብ ቤት ምሳ ጋብዞን ነበር። ከበላን በኋላ እጄን ልታጠብ ወደ ጓሮው በር ስሄድ፣ ከፊቴ የነበረው ሰውዬ ጎንበስ ብሎ ጮክ ባለ ድምፅ ተጉመጠመጠ፤ የተጉመጠመጠውንም ከነሩዙ ገንዳው ውስጥ ተፋው። ተራዬ ደርሶ ስጠጋ መጀመሪያ የመታኝ ሽታው ነው፤ የሎሚ ጠረን ያለው ፈሳሽ ሳሙና፣ የረጋ የሥጋ ቅባት፣ ከሁለቱም በታች ደግሞ መበስበስ የጀመረ እርጥብ እንጨት። የገንዳው ቀዳዳ ላይ አንድ ረጅም ፀጉር ተጠምጥሟል። ገንዳው የተተከለበትን ዕቃ ያየሁት ቧንቧውን ከከፈትኩ በኋላ ነው። እንደ ካሮት ወደ ታች እየቀጠኑ የሚሄዱ አራት እግሮች አሉት፤ ጫፋቸው ላይ የነሐስ ቆብ አለ፤ ፊቱ ወርቃማ ክር የገባበት ጨርቅ ነው፤ በስተቀኝ ጠርዙ ላይ ደግሞ የባቄላ ፍሬ የምታህል የሲጋራ ጠባሳ አለች። ያቺን ጠባሳ አውቃታለሁ። ልጅ ሆኜ የጠቋሚ ጣቴ ጫፍ ልክ ይገባባት ነበር።

ወዲያው የታሰቡኝ እትዬ አስካለ ናቸው። የዚህ ዕቃ ባለቤት እሳቸው ነበሩ፤ አሁንም በሕይወት አሉ፤ ሳቢያን ሰፈር ልጃቸው ጋ ነው የሚኖሩት። ከዕቃቸው ሲለዩ አንዲት የዘፈን ሸክላ አስቀርተው በሻሽ ጠቅልለው ፍራሻቸው ሥር አኑረዋል። በሄድኩ ቁጥር የሚሉኝ አንድ ነው፤ «የወሰደው ሰው የት እንዳስቀመጠው ፈልግልኝ፤ አስጠግኖት ይሆናልና አንድ ቀን ውሰደኝ፤ ይቺን ብቻ ሰምቼ እመለሳለሁ።» እንግዲህ አገኘሁላቸው።

ራዲዮግራም ለማታውቁ ላስረዳ። ሬዲዮና ሸክላ ማጫወቻ በአንድ ረጅም የእንጨት ሳጥን ውስጥ ጎን ለጎን የገቡበት፣ ቡፌ የሚመስል ዕቃ ነው። ክዳኑን ወደ ላይ ስትከፍቱት በአንድ በኩል የሚዞረው ሳህንና መርፌው፣ በሌላው በኩል የሬዲዮው ቁልፎች ይታያሉ፤ ስፒከሮቹ ከጨርቁ ጀርባ ተደብቀዋል። በወላጆቻችን ወጣትነት ሳሎን ውስጥ እሱ ያለው ሰው ሌላ ጌጥ አያስፈልገውም ነበር ይባላል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ስለምወዳቸው አስተማሪ ከሆንኩ ወዲህ መሰብሰብ ጀምሬያለሁ። መሰብሰብ ስል እስካሁን ያለኝ አንድ ነው፤ እሱም ድምፅ የለውም፤ ግን የተከራየኋትን ክፍል ግማሽ ይዟል።

ፍቅሩ የጀመረኝ በልጅነት ሰፈሬ ለገሃሬ፣ እነ እትዬ አስካለ ቤት ነው። ባለቤታቸው ጋሽ መርዕድ የምድር ባቡር መካኒክ የነበሩ፣ እኔ ሳውቃቸው ጡረታ የወጡ፣ ቀኑን ሙሉ የሚጮኹ ሰው ነበሩ። ቬንትሌተሩ ሲንጫጫ ይጮኹበታል፤ የጎረቤት ፍየል አጥራቸውን ስትታከክ ይጮኹባታል፤ ሬዲዮ ላይ ዜና የሚያነበው ሰውዬ ስህተት የሠራ ሲመስላቸው ፊት ለፊታቸው የተቀመጠ ይመስል ይሰድቡታል። ራዲዮግራሙን አገሩን ለቆ ከሚሄድ አንድ ግሪካዊ ነጋዴ ገዝተው፣ ከሥሩ የራሳቸውን ፍራሽ አንጥፈው በጋሪ ሲያመጡት፣ ድንጋይ ባጋጠመ ቁጥር በባለጋሪው ላይ ሲጮኹ ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ እንዳየ እናቴ ትነግረኝ ነበር። ጠባሳዋም የግሪካዊው ሲጋራ የተዋት ናት።

እሑድ ከሰባት ሰዓት በኋላ፣ ድሬዳዋ መስኮቷን ዘግታ በምትተኛበት፣ አስፋልቱ ጫማ በሚይዝበትና ውሻ እንኳ ከጥላ በማይወጣበት ሰዓት፣ እኔና ጓደኛዬ ፉአድ ከእንቅልፍ አምልጠን እነሱ ቤት እንሄዳለን። በሩ ላይ ምርመራ አለ። ጋሽ መርዕድ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው «መዳፍ» ይላሉ፤ እንዘረጋለን። «ገልብጥ» ይላሉ፤ እንገለብጣለን። ያልታጠበ እጅ ወደ ራዲዮግራሙ አይጠጋም፤ ለመንካት ቀርቶ አጠገቡ ለመቀመጥም መታጠብ ግዴታ ነው። አንድ ቀን ፉአድ ማንጎ እየላሰ መጥቶ፣ «ዋላሂ ታጥቤያለሁ ጋሼ» አለ።

«ውሃው ግን ይህን አልሰማም» አሉት፤ ወደ ቧንቧው መለሱት።

ከዚያ ሲሚንቶው ወለል ላይ እንደረደራለን፤ እኛ፣ ሌሎች ሁለት ሦስት የሰፈር ልጆች፣ አንዳንዴም ሶማሌዋ ጎረቤት ሐሊማ፣ እሷማ ነጋዴ ስለሆነች፣ ገዢ ቢጠራት ብላ የምትቀመጠው አንድ እግሯን ወደ በሩ አድርጋ ነው። ጋሽ መርዕድ ቁልፉን ይጫናሉ፤ ምንም አይሰማም። የድሮ ዕቃ ስለሆነ፣ ውስጡ ያሉት የመስታወት አምፖሎች እስኪግሉ መጠበቅ ያስፈልጋል። ቀስ በቀስ ከሳጥኑ የሞቀ አቧራና የሰም ሽታ ይወጣል፤ ከመስታወቱ ጀርባ አንዲት አረንጓዴ ብርሃን፣ ከእንቅልፉ እንደሚነቃ ሰው ዓይን፣ መጀመሪያ ስንጥቅ ሆና ኋላ ሰፍታ ትከፈታለች። እስክትከፈት ድረስ ያ ሁሉ ሰው ትንፋሹን ይዞ አንዲት መብራት ሲያይ ትዝ ይለኛል። ዛሬ ክፍል ውስጥ ሃምሳ ተማሪ ዝም ለማሰኘት ጠረጴዛ ስደበድብ ያን ጸጥታ በምቀኝነት አስበዋለሁ።

መርፌው ሸክላው ላይ ሲያርፍ እንደ ሽንኩርት ቁሌት ትንሽ ይንጨረጨርና ዘፈኑ ይገባል። ወፍራሙ ድምፅ ከስፒከሩ ወደ ወለሉ፣ ከወለሉ በመቀመጫችን በኩል ወደ ሆዳችን ይዘልቃል። ማዕዘኑ ላይ የሰው ልብስ የሚሰፉት እትዬ አስካለ የስፌት መኪናውን መርገጫ በግማሽ ረግጠው እግራቸውን እዚያው ያቆሙታል፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ካቆሙበት ስፌት ይቀጥላሉ። ያኔ ሳልነሳ፣ ጠባሳዋን በጣቴ እየሞላሁ፣ ይህ ቤት የኔ ቢሆን እል ነበር።

ጋሽ መርዕድ ስምንተኛ ክፍል እያለሁ ሞቱ። ብዙም ሳይቆይ አንደኛው አምፖል ተቃጠለ፤ ምትክ የሚያውቅ ጠፋ፤ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሸጥበት ታይዋን ገበያ ያሉት ጠጋኞች ፎቶውን አይተው ሳቁ። ራዲዮግራሙ ላይ ዳንቴል ለበሰ፤ ዳንቴሉ ላይ ቴሌቪዥን ተቀመጠ። ዓመታት እንዲህ አለፉ።

አምና እትዬ አስካለ ዓይናቸው ሲደክም ልጃቸው ወደ ሳቢያን ልትወስዳቸው ሆነ። የሚሰጣቸው ክፍል አልጋና ራዲዮግራም አንድ ላይ አይችልም። እኔ ያኔ ከከተማ ወጣ ብሎ ሁርሶ ነበር የማስተምረው፤ የኔም ክፍል ሞልቷል። ቁራሌዎች ሲመላለሱ አልሰጥም አሉ። በመጨረሻ ምግብ ቤቶችን የሚያስጌጥ አንድ ትሑት ሰው መጣ፤ «እናከብረዋለን እማማ» አላቸው። እኔም ልርዳ አልኩ። እርዳታዬ ማስረዳት ስለሆነ አንድ ንጹሕ ወረቀት አውጥቼ፣ በማስመሪያ መስመር አስምሬ፣ ሰውዬው የያዘውን ዕቃ ዋጋ እንዲያውቅ ነጥብ በነጥብ ጻፍኩለት። እትዬ አስካለ አጠገቤ ተቀምጠው ብዕሩን ሲሰሙ፣ «እንዴት ያለ አስተማሪ ወጣህ ናቲ» አሉኝ። ኮራሁ።

ሐሙስ ዕለት፣ ውሃው እየፈሰሰ፣ ቀና ስል ያንን ወረቀት አየሁት። ከመስታወቱ አጠገብ፣ ወርቃማ ፍሬም ውስጥ ተሰቅሏል። ውሃ ተረጭቶበት አንዱ ጥግ ቢጫ ሆኗል። የገዛ እጅ ጽሑፌን እንደ እንግዳ ሰው አነበብኩት። አንደኛ፣ የዋልነት እንጨት ልባሱ የትም አልተላጠም። ሁለተኛ፣ አራቱም እግሮች ከነነሐስ ቆባቸው ሙሉ ናቸው። ሦስተኛ፣ የስፒከሩ ጨርቅ የፋብሪካው እንጂ የተቀየረ አይደለም። አራተኛ፣ የከተሞች ስም ያለበት የጣቢያ መፈለጊያ መስታወት አልተሰነጠቀም። አምስተኛ፣ የሲጋራው ጠባሳ የዕድሜ ምስክር ስለሆነ ባይፋቅ ይመረጣል። ከታች ደግሞ፣ በቀይ አስምሬበት፦ ማሳሰቢያ፣ አይሠራም።

አስተናጋጇ ቆሜ መቅረቴን አይታ ፎጣ ይዛ መጣች። «ያምራል አይደል? አንቲክ ነው እኮ። ሰው ሁሉ ፎቶ ይነሳበታል።»

«ውስጡ የነበረውስ?» አልኳት።

«የቱ ውስጡ?»

«ማጫወቻው፣ አምፖሎቹ፣ ስፒከሮቹ።»

«እሱንማ አናጢው ነቅሎ ለቁራሌ ሰጠው፤ ቧንቧው በምን ይለፍ? ዋና ዋናው ግን አልተነካም፤ ይኸው የሚያውቅ ሰው ጽፎታል።»

እውነቷን ነው። የጻፍኩት ሁሉ አለ፤ ጠባሳዋ እንኳ አልተፋቀችም። ዕቃውን የወሰደው ሰውዬ አልዋሸም፣ አላጭበረበረም፤ ወረቀቴን እንደ ጎበዝ ተማሪ ቃል በቃል ፈጽሞታል። ከኋላዬ ኢብሳ፣ «አቦ ናቲ፣ ልትታጠብ ነው ወይስ ልትጠመቅ የገባኸው?» ሲል ሰማሁት፤ ቧንቧውን ዘጋሁና ፎጣውን ከአስተናጋጇ ተቀበልኩ። ያስጠላኝ የተጉመጠመጠው ሰውዬ ትፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ በማግስቱ በተወኝ ነበር። እስካሁን የሚያቅለሸልሸኝ ያ የተስተካከለ፣ በማስመሪያ የተሰመረ፣ ስለ ሙዚቃ አንዲት ቃል የሌለበት የእጅ ጽሑፌ ነው።

ቅዳሜ ሳቢያን ሄድኩ። በመንገድ ላይ ስንት ውሸት አዘጋጀሁ፤ ጥገና ላይ ነው ልበል፣ ወደ አዲስ አበባ ሄዷል ልበል አልኩ። እትዬ አስካለ ግን ድምፄን እንደሰሙ ሸክላዋን ከፍራሹ ሥር አውጥተው ጉልበታቸው ላይ ስላስቀመጧት ውሸቱን ሁሉ ተውኩት። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«እጅ ይታጠቡበታል?» አሉ።

«አዎ።»

«ምን በልተው?»

«ጥብስም፣ ሩዝም።»

«ቅባት አለዋ» አሉና የሸክላዋን ሻሽ በመዳፋቸው ዳበሱ። ቀጥለው ሳቅ ይሁን ሳል ያለየለት ድምፅ አወጡ። «መርዕድ ቢኖር ጩኸቱ እስከ ከዚራ ይሰማ ነበር።»

«ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ እትዬ። ያኔ እርስዎን ብጠይቅዎ ኖሮ አንደኛ ብለው ምን ያስጽፉኝ ነበር?»

ሳያስቡ ነው የመለሱልኝ፤ መልሱ ዓመቱን ሙሉ አፋቸው ላይ የነበረ ይመስላል። «ያ ሰውዬ ዕድሜ ልኩን እንደጮኸ ነው የኖረው፤ አንተም ታውቀዋለህ። ሸክላው ሲዞር ብቻ ዝም ይላል። እናንተ ልጆቹ ሳትመጡ፣ ሁለታችን ስንሆን፣ እጁን ጉልበቴ ላይ አድርጎ ዝም ይላል። እኔ ያገባሁት ዝም ያለውን ነው ናቲ። እሱን የማገኘው በዚያ ዕቃ ብቻ ነበር።»

ከዚያ ሸክላዋን ሰጡኝ፤ እንዳትጣመም በጠፍጣፋው አስተኝቼ ወደ ፍራሹ ሥር እንድመልሳት ነገሩኝ። መለስኳት። ልውሰድዎ የምለው ቦታ ስለሌለ ተሰናብቼ ወጣሁ።

እንጨቱ አለ፣ እግሮቹ አሉ፣ ጨርቁ አለ፤ የጎደለውን ልንገራችሁ ብል ቁጥር የምሰጠው ነገር አጣለሁ። አንዲት አሮጊት ባሏን ዝም ብሎ የምታገኝበት ብቸኛ በር ተዘግቷል፤ የዘጋሁት ደግሞ እየረዳሁ መስሎኝ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቤታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ ቤት ያረጀ ዕቃ ካለ፣ ራዲዮግራም ባይሆን የልብስ ስፌት መኪና ወይም የግድግዳ ሰዓት ይሁን፣ ዋጋው ይህ ነው ከማለታችሁ በፊት ባለቤቱን ፈልጉ፤ አጠገባቸው ተቀመጡና «አንደኛው ምንድነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዕር አትያዙ፤ አታርሙ፤ መልሱ ቢዘገይም ጠብቁ። እባካችሁ፣ ጠያቂዎቹ እያላችሁ፣ መላሾቹም እያሉ፣ በዚህ ሳምንት ሞክሩት።