የአማቴ ሰማያዊ እሳት

አማቴ ከቡሬ ወጣ ባለ መንደር በርበሬና በቆሎ እያመረቱ፣ ላም እያረቡ የሚኖሩ ሴት ናቸው። ከፍኖተ ሰላም በሄድኩ ቁጥር ከእበት ስለሚገኘው የማብሰያ ጋዝ፣ ስለ ባዮጋዝ እሰብካቸው ነበር፤ ስለ ጭሱ፣ ስለ ዛፉ መመናመን፣ ስለ ዝናቡ መዛባት። ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዳምጡኝና «መልካም ተናገርክ ልጄ» ብለው ባሕር ዛፋቸውን ይማግዳሉ።

በስንት ልመና የባዮጋዙ ጉድጓድ ተሠራ። እበቱ ገባ፣ ቧንቧው ማድ ቤት ደረሰ፣ ክብሪት ስጭር ሰማያዊ እሳት ቦግ አለ። እልልታ ጠብቄ ነበር፤ አማቴ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ያዙ።

ሌላ ቀን ስሄድ አዲሱ ምድጃ ላይ ሽሮ ይንተከተካል። ደስ ብሎኝ ምድጃውን ብነካው በረዶ ነው። ለካ የመጣሁበትን ባጃጅ ድምፅ ሲሰሙ ድስቱን ከጉልቻው አንስተው እዚያ ላይ አስቀምጠውልኝ ኖሯል።

«ምነው እማማ?» አልኳቸው።

«ሁዳዴ አይደል? ከላም የወጣ ነገር በጾም እንዴት ይሆናል?»

እኔም እንዲያስረዱልኝ የነፍስ አባታቸውን ለመንኩ። ቄሱ መጥተው ምድጃውን በጥሞና ዞረው አዩት።

«ልጄ፣ ቤትሽን በምን ትለቀልቂዋለሽ?»

«በእበት ነዋ አባቴ።»

«እንግዲያ በጾም ውጭ ልታድሪ ነው?»

አማቴ መሬት መሬት አዩ። ቄሱም «እሳት ወተት አይሆንም፤ ሰዓቱ ደርሷል፣ ይልቅ ሽሮው ይቅረብ» ብለው ተቀመጡ።

ጥያቄው ተፈታ፤ እሳቱ ግን አልበራም። አሁን ደግሞ «ይሸተኛል» መጣ። እኔም ተስፋ ቆረጥኩ።

በኋላ ከአጥሩ ማዶ ያሉት ጎረቤት፣ በጠላ ጠመቃ ሳይቀር የሚፎካከሯቸው ሴት፣ እሳቸውም የባዮጋዝ ጉድጓድ ማስቆፈር ጀመሩ። አማቴ በዚያው ዕለት ደወሉልኝ።

«ቶሎ ና! ይሄ ነገር እንዴት ነበር የሚለኮሰው?»

ከዚያ ወዲህ እንጨት ማድ ቤታቸው አልገባም። እንግዳ ሲመጣ ሳይቀመጥ እሳቱን ያሳያሉ። በቀደም የመንደሩን ሴቶች ሰብስበው «ድሮም እኔ ጭስ አልወድም፤ ሰው አልሰማ ብሎኝ ነው የቆየሁ» ሲሉ ደረስኩ። ከጉድጓዱ የሚወጣው ዝቃጭ ለበርበሬ ማሳ ፍግ እንደሚሆን ልጨምርላቸው አፌን ስከፍት እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ።

«ቆይ እስቲ ልጄ፣ የሚያውቅ ሰው ይናገር።»