በግራ በኩል የተሰካችው ፒን

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሁለተኛ ዓመት ብርድ እንደ ሌላው ብርድ አልነበረም፤ ጨው ጨው ይል ነበር። በእንግሊዝ ወደባችን፣ ሳውዝ ሺልድስ ውስጥ፣ ልብስ ያሰጣች ሴት ጠዋት ስትወጣ የባሏ ሱሪ በረዶ ሆኖ ገመዱ ላይ እንደ ሰው ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ያን ጊዜ የምንስቀውም በዚያ ብቻ ነበር።

ሄቲ ፌንዊክ ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። «ማርደን ግሬንጅ» በምትባል የንግድ መርከብ ላይ የመንገደኞች አስተናጋጅ ነበረች። መርከቧ አትላንቲክ መሃል ከጠላት ባሕር ሰርጓጅ በተተኮሰ ቶርፔዶ ስትመታ ሄቲ የመንገደኞቹን ልጆች በብርድ ልብስ እየጠቀለለች ወደ ጀልባ አቀበለች። ስድስት ቀን ጀልባ ላይ ከረመች። ሁለት የእግር ጣቶቿ ከዚያ ብርድ አልተመለሱም።

የንግድ መርከበኛ የጦርነቱን ኒሻን ራሱ ጽፎ ካልጠየቀ አይሰጠውም ነበር። ሄቲ ደግሞ «ለምኜ የማገኘው ክብር ይቅርብኝ» ብላ ሃምሳ ዓመት ተቀመጠች። ባሏ ከሞተ በኋላ ምን እንዳሰበች እንጃ፣ ጻፈች። ኒሻኑ ሲመጣ ከበዳትና መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። የኒሻኑ ጥብጣብ ቀለም ያላትን፣ ሰማያዊ፣ ነጭና አረንጓዴ የሆነችውን ትንሽ ፒን ግን ቡናማ ኮቷ ላይ በግራ በኩል ሰካች። ወጉን በኛ ዘንድ ሕፃን ያውቀዋል፤ የራስህ ከሆነ በግራ፣ የሟችህ ከሆነ በቀኝ ነው።

በጦርነቱ የሞቱ መርከበኞች መታሰቢያ ቀን፣ ከተማችን ያለው ወንዝ አፍ ላይ ተሰበሰብን። የሰጠሙት መርከቦች ስም ሲጠራ በዚያ መርከብ የሄደ ሰው ወደ ፊት ይወጣል። ከማርደን ግሬንጅ የቀረችው ሄቲ ብቻ ናት። የመርከቧን ስም ብላ መጣች እንጂ ለሻይ አልመጣችም።

የመርከበኞች ማኅበር ሊቀመንበር ሚስተር ሄስሎፕ ሻዩን ይዞ በሰልፉ መሃል ሲያልፍ ፊቷ ቆመ።

«እማማ፣ ተሳስተዋል። የባል በቀኝ ነው።»

«የባል አይደለም።»

«አይዞዎት፣ ሁሉም ይሳሳታል» አለና የሳንድዊች ሰናፍጭ በነካው ጣቱ ፒኗን ነቅሎ በቀኝ በኩል ሰካት። ደረቷንም መታ መታ አደረገ። ሄቲ ጮኸችበት።

«አንተ ሰውዬ! ባሌ ሥጋ ሻጭ ነበር። ይህን ወንዝ በጀልባ ሲሻገር እንኳ ያስመልሰው ነበር!»

አጠገቧ ያለችው ዶሪን ሳቋ አመለጣት። ሄስሎፕ ግን መድረኩ ላይ ወጥቷል።

«ማርደን ግሬንጅ!»

ሄቲ እያነከሰች ወጣች። ሄስሎፕ ቀኝ ደረቷን አየና ፈገግ ብሎ በድምፅ ማጉያው ተናገረ። «በሕይወት ያለ የለም። ባለቤቶቻቸውን ግን እናመሰግናለን!»

ሰው አጨበጨበ። እኔም፣ ይቅር ይበለኝ፣ አጨበጨብኩ። እስከ ዛሬ እጄ ያስጠላኛል።

ሄቲ ፒኗን ነቀለች። መድረኩ ጫፍ ላይ ባለው፣ ወተቱ ቆዳ ባወጣው የሰውዬው ሻይ ውስጥ ጣለቻት።

«እንካ። ወደ ባሌ መቃብር ውሰድና በቀኝ በኩል ሰካለት።»

ዶሪን «ነይ በቃ፣ የኔ እህት፣ ብርድ ይመታሻል» ብላ እጇን ስትይዛት «ብርድማ አውቀዋለሁ» አለቻት። ከዚያ ወዲህ መታሰቢያው ላይ አልታየችም።

በመጨረሻ የሰማሁት፣ ከወንዙ ማዶ ባለ የአረጋውያን ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ እንደምትኖር ነው።