ከላይ ሆነው ይዩልኝ

ላሊበላ ላይ ካፒቴን ሲባል ሰው ቀና ብሎ ሰማዩን ያያል፤ እዚህ የሚደርሰው አውሮፕላን እንጂ መርከብ አይደለማ። ጡረታ ወጥቼ ስመለስ ጎረቤቱ ሁሉ አብራሪ አደረገኝ። አንድ በአንድ አረምኳቸው። እኔ የመርከብ ካፒቴን ነበርኩ፤ ያስተማረኝም የለም። ጓደኞቼ ካርታ ሲጫወቱ እኔ የባሕር ካርታ እያነበብኩ ከተራ መርከበኛነት ተነስቼ ፈተናውን ባንድ ጊዜ አለፍኩ። እንደኔ ያደረገ ካለ ይምጣ።

ባለፈው ክረምት፣ ከሙጃ ከተማ ገብስ እያመጣች የምትሸጥ ጎረቤቴ መጣች። አንድ ልጇ መርከበኛ ነው። መጨረሻ ሲደውል ትኩሳት ይዞኛል ብሏት፣ ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ቀን ስልኩ ዝግ ነው። ነጠላዋን ለመዘቅዘቅ ምንም አልቀራት።

«ካፒቴን፣ በባሕሩ በኩል ሲበሩ ከላይ ሆነው ይዩልኝ» አለችኝ።

ሳቄ አመለጠኝ። ፊቷን ሳይ አፈርኩ። መሀል ባሕር ላይ ስልክ እንደማይሠራ፣ ካፒቴኑ ግን በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ መርከቧ ያለችበትን ቦታ፣ ነፋሱንና የቀረውን ነዳጅ ጽፎ ለመርከብ ድርጅቱ ቢሮ እንደሚልክ አስረዳኋት። ቢሮው ውስጥ ላለ የድሮ ባልደረባዬ ደወልኩ። መርከቧ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ በሰላም እየተጓዘች ነው አለኝ። ደረቴን ነፍቼ ነገርኳት።

«መርከቧስ ደህና ትሁን» አለች። «ልጄስ?»

 ያንን ሪፖርት ዕድሜዬን ሙሉ ስጽፍ ኖሬያለሁ፤ እንደኔ አጥርቶ የሚጽፍም አልነበረም። የነዳጁን ቶን ሳላጎድል ጻፍኩ፤ የአንድ ሰው ስም ግን አንድም ቀን አልጻፍኩበትም። ሐኪም በሌለበት መርከብ የመድኃኒቱ ሣጥን ቁልፍ በካፒቴኑ እጅ ነው። የታመሙትን በእጄ አክሜያለሁ። ደጅ ደጁን የምታይ እናት እንዳለቻቸው ግን አላሰብኩም።

ደህና ነው ብላት ታምነኝ ነበር። አልዋሸኋትም። እንደገና ደወልኩ። ካፒቴን በሌላ ካፒቴን መርከብ ጉዳይ አይገባም፤ እኔም በመርከቤ ማንንም አስገብቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን ካፒቴኑን ስለ ልጁ እንዲጠይቅልኝ ባልደረባዬን ለመንኩ። «እናቱ ደጄ ተቀምጣለች በለው» አልኩት።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ መልሱ መጣ። ትኩሳቱ ለቆት ሥራ ገብቷል፤ ለእናቱም፣ በክረምት ገብሱን አርክሰሽ እንዳትሸጪ በሏት ብሏል።

«ራሱ ነው» አለችና መሬት ላይ ቁጭ አለች።

በገበያው ሁሉ፣ ካፒቴን ከላይ ሆነው አዩልኝ እያለች ታወራለች። እሷን አላረምኳትም።