ከቤትዎ የወጣ ልጅ አለ?

ይህን ለሚስቴም ለነፍስ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። እርስዎ ስለማያውቁኝ ይሆናል፣ ዛሬ ትንሽ የቀለለኝ።

በደርግ ጊዜ፣ ወጣቱ ለብሔራዊ ውትድርና በሚታፈስበት ዘመን፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። አውስትራሊያ የተማረ መምህራችን እዚያ የቤተሰብ ኑሮ የተጠናበትን መጠይቅ ወደ አማርኛ መልሶ፣ ላፍቶ ሰፈር ቤት ለቤት እንድንጠይቅ ላከን። «ቅዳሜና እሁድ የት ይዝናናሉ?» ስንል ሰፈሩ ሳቀብን። «ከቤትዎ የወጣ ልጅ አለ? ለምን ወጣ?» የሚልም ነበረበት። እዚያ አገር ልጅ ሲጎረምስ ሻንጣውን አንጠልጥሎ፣ ቤት ተከራይቶ ይወጣል አሉ። ይህ አስገረመኝ። የእኛ ሰው ምን እንደሚመልስ ለመስማት ጓጓሁ፤ መቼም የሰው ጓዳ ማወቅ ነፍሴ ነው።

እማማ ዘነቡ የሚባሉ ከሰል ቸርቻሪ ሁለቴ በር ዘግተውብኝ ነበር። በሦስተኛው ራሳቸው ከፍተው «ግባ ልጄ፣ ግባ» አሉኝ። ምን ተገኘ ዛሬ? እያልኩ ገባሁ። ያን ጥያቄ ሳነብላቸው እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

«ግርማዬን ትናንት ከመንገድ አፍሰው ወሰዱብኝ እኮ! ሌላ ልጅ የለኝም። ደረቱንም ያመዋል፤ እሱንም ጻፍልኝ።»

ለካ ስለ ልጃቸው ከመንግሥት ተልኬ የመጣሁ መስሏቸዋል። አይደለሁም ማለት ምን ያህል ይከብዳል? አላልኩም። ካልኩ ወሬው ይቆማል፤ እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ መልስ ከማንም አላገኘሁም ነበር። ልጁ ምን ይሠራ እንደነበር፣ ለቤቱ ምን ያመጣ እንደነበር ጠየቅኩ። እሳቸው እያለቀሱ መለሱ፣ እኔ ጻፍኩ። ስነሳ እጄን ያዙኝ።

«መቼ ይለቁልኛል?»

«እናሳውቅዎታለን» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ማን አስገደደኝ?

በሳምንቱ ወሬውን ከጎረቤታቸው ሰማሁ። የታፈሱት ልጆች ማሰልጠኛ እስኪላኩ ድረስ ቀበሌ ታጉረው ነበር። ጎረቤቲቱ ለምና፣ ደጅ ጠንታ የራሷን ልጅ አስፈታች። እማማ ዘነቡን «ይምጡ፣ አብረን እናመልክት» ብትላቸው፣ «የኔን ጉዳይ አንድ የተማረ ልጅ ይዞልኛል፤ ብጨቀጭቃቸው ይቆጡብኛል» ብለው ቀሩ። እኔን ሲጠብቁ ግርማ ከተጫኑት ጋር ሄደ።

ሴትየዋ ይህን ስትነግረኝ የእማማ ዘነቡ በር ክፍት ነበር። ገብቼ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። አልገባሁም፤ በታች በኩል ዞሬ ወጣሁ። መምህራችን የእኔን ሥራ ከሁሉ አብልጦ አመሰገነ፤ እኔም ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ።

ግርማ ተመልሶ ይሆን? እስከ ዛሬ ሄጄ አልጠየቅኩም። ዘመኑ ክፉ ነበር፣ እኔም ልጅ ነበርኩ እንዳልል አፌን ይይዘኛል። ልጁን የወሰደው ዘመኑ ነው፤ እናቱን ከቤት ያስቀረኋቸው ግን እኔ ነኝ።