በታም ዘንግ ላይ የታሰረው ቅጠል

እኛ ወንዝ ላይ ዕቃውን እየጮኸ የሚሸጥ የለም። የሚሸጠውን በጀልባው ፊት በቆመ የቀርከሃ ዘንግ ጫፍ ላይ ያንጠለጥላል፤ ገዢ ከሩቅ አይቶ ይመጣል። እኔ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ አናናስ ሳንጠለጥል ኖሬያለሁ። ሸሚዝ ተሰቅሎ ከታየ ሊደርቅ ነው፣ ዋጋ አይጠየቅበትም። የበሰለ ምግብ የሚሸጥ ደግሞ ዘንጉን ባዶ ይተወዋል፣ ሽታው ይበቃዋል። ቀልድ የሌለበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዘንጉ ላይ የኮኮናት ቅጠል ከታሰረ የሚሸጠው ጀልባው ራሱ ነው።

የታም ዘንግ ሁልጊዜ ባዶ ነው። በተወለድንበት ተራ ነው የምንጠራው፤ የእሷ ታም ስምንት፣ የእኔ ናም አምስት ማለት ነው። ጠዋት ከወደቡ እንግዶች ትጭንና የወንዙን ገበያ ታዞራቸዋለች፤ ከዚህም ከዚያም ጀልባ ትሸምታለች። ከዚያ ቦዩ ዳር ወዳለው ቤቷ ወስዳ አብራቸው አብስላ ታበላቸዋለች። ቁመቷ ከመቅዘፊያዋ ያንሳል፣ ምላሷ ግን ይረዝማል። አናናሴን ሳትሰድብ ገዝታ አታውቅም። "ይሄ አናናስ ነው ወይስ የናም ጭንቅላት?" ትላለች በእንግዶቿ ፊት፤ ከዚያ ትልቁን መርጣ ትሄዳለች። እኔም ካልሰደበችኝ ቀኑ ቀን አይመስለኝም።

ጀልባውን በእጁ የሠራው ባሏ ነበር፣ ነፍሱን ይማር። ልጃቸው ካንግም የተወለደው እዚያው ጀልባ ላይ ነው። ካንግ አሁን ሳይጎን ይኖራል። ዘንድሮ የእናቱ ጉልበት ማበጡን ሲሰማ በየሳምንቱ እየደወለ "ጀልባውን ሽጪና ነይ፣ እኔ ጋ ኑሪ" ይላት ጀመር። ክፉ ልጅ አይደለም፤ እንዲያውም የሚያናድደኝ ደግነቱ ነው። ክፉ ቢሆን መልሱ አይጠፋንም ነበር። ታም ይሄን የነገረችኝ እየሳቀች ነው። ምን መለስሽለት ብላት ግን ወሬ ቀየረች።

ያን ዕለት ሁለት ሙሽሮች ይዛ መጣች፣ ከሰሜን፣ ከሃኖይ የመጡ። ሙሽሪት ኩየን ያየችውን ሁሉ ፎቶ ታነሳለች፤ ባሏ ፀሐዩ ፊቱን ለብልቦት በርበሬ መስሏል። ታም አንድ አናናስ ወሰደች፣ አልሰደበችውም። ነገሩ ቅር ብሎኝ ነበር፣ ግን ገዢ ከበበኝና ረሳሁት።

ትንሽ ቆይቼ ቀና ስል ጀልባዋ ወደ ቦዩ ስትታጠፍ አየኋት። ዘንጉ ጫፍ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ይወዛወዛል።

ክው አልኩ። ከዚያ ተናደድኩ። አርባ ዓመት ተጎራብተን፣ ባሏን አብረን ቀብረን፣ ይሄን ከዘንግ ላይ ላንብብ? አናናሴን ሸጬ ሳልጨርስ የጀልባዬን ሞተር አስነስቼ ተከተልኳት።

ስደርስ ሌሎች ቀድመውኛል። ስኳር ድንች ሻጩም አለ፣ የኑድል ሾርባ የምትሸጠው ሊየንም አለች፤ ሊየን ጀልባዋ ውስጥ ተቀምጣ በእጅጌዋ ዓይኗን ትጠርጋለች። ሰው ቤት ለቅሶ የደረስን ነው የምንመስለው። ከወጥ ቤቱ ግን የአምባዛው ዓሣ፣ የኮምጣጣው ሁመርና የአናናሱ ሽታ ይመጣል። ታም ሸክላ ድስት ውስጥ ስኳር አቅልጣ ዓሣውን እየገለበጠች ነው፤ ኩየን ደግሞ ዓሣ በስኳር ይሠራል ወይ እያለች ትከራከራታለች። እናንተ ሰሜኖች ሁሉን በጨው ስለምትበሉ ነው ፊታችሁ የማይፈታው፣ ትላታለች ታም።

በር ላይ ቆምኩ። "ልትሸጪው ነው?"

"ምኑን?"

"ጀልባሽን ነዋ። ለእኔ አንድ ቃል ሳትተነፍሺ።"

ሁሌ ባዶ ስለሆነ ቀና ብላ የማታየውን ዘንግ በበሩ አሻግራ ስታይ እጇ ላይ ያለው ጭልፋ ቆመ። ኩየን ግራ ተጋብታ አንዴ እኔን አንዴ እሷን አየች። ቅጠሉን ያሰረችው እሷ መሆኗን ተናገረች፤ ታም ዓሣ ስትገዛ ነው ያሰረችው፤ የሁሉም ዘንግ ጌጥ ሲኖረው የእትዬ ታም ባዶ መሆኑ አሳዝኗት ነው። የቅጠሉን ትርጉም ስኳር ድንች ሻጩ ሲነግራት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ሁላችንም ሳቅን፤ ሊየንም እንባዋን ሳትጨርስ ሳቀች።

"ለመሆኑ ቅጠሉን ከየት አመጣሽው ልጄ?" አልኳት።

"እዚያው ጀልባው ውስጥ ነበር፣ ከመቀመጫው ሥር።"

ሳቁ ቆመ። የኮኮናት ቅጠል ራሱን ቆርጦ ጀልባ አይሳፈርም።

ታም ወደ ድስቷ ዞረች። "ጎህ ሲቀድ ቆረጥኩት" አለች። "ካንግን ትናንት እሺ ብዬዋለሁ። ላስረው ሦስቴ ተነሳሁ፣ ሦስቴም ጉልበቴን ሰበብ አድርጌ ተቀመጥኩ።"

ሰው በአገሩ፣ ሰው በወንዙ ይባላል።

"እኔ እገዛዋለሁ" አልኩ።

"ሁለት ጀልባ ምን ሊያደርግልህ?"

"አንቺ እንድትቀዝፊው። አንቺ ከሄድሽ አናናሴን ማን ይሰድብልኛል?"

ታም ዓሣው እንዳያርርባት ድስቱን አወረደች፤ ከዚያ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ "ውጣና አውርድልኝ ቅጠሉን" አለች። "እኔ ጉልበቴን ያመኛል።"

ቅጠሉን አጥባ ሰነጣጠቀችው። ለማግስቱ የዘፈዘፈችው የሚጣበቅ ሩዝ ነበራት፤ መሐሉ ሙዝ ከታ በቅጠሉ ጠቀለለችው፣ ካንግ ልጅ ሳለ ሲያለቅስ የምታባብልበት ጥቅልል ነው። እንግዶቹ እስኪበስል ቆዩ። ሲመለሱ በሳይጎን ነበርና የሚያልፉት፣ ስምንት ጥቅልል ለካንግ እንዲያደርሱላት አስረክባ ስልክ ቁጥሩን ሰጠቻቸው። ኩየን ምን እንበለው ብላ ጠየቀች።

"ከዘንጉ ያወረድኩት ቅጠል ነው በሉት። የወንዝ ልጅ ነው፣ ይገባዋል።"

ካንግ የደወለው በሦስተኛው ቀን፣ ታም እኔ ጀልባ አጠገብ ቆማ አናናስ ስትመርጥ ነው። ሰላም ሲላት እስከ እኔ ይሰማል፤ ስለ ጀልባው ግን አላነሳም። ጥቅልሉ ስንት ቀረህ አለችው። ሁለት፣ አላት፣ አፉን ሞልቶ እያኘከ።

"ሲያልቅብህ ና" አለችው። "ቅጠል እዚህ ሞልቷል።"